ሃምሳኛ ዓመት ልደትና የጊች ዕዳ

ባለፈው ጥቅምት ሃምሳ ዓመት ሞላኝ። እኔ ባደግሁበት ቤት ልደት ማክበር የሚባል ነገር አይታወቅም ነበር። ልደት የክርስቶስ ነው፤ ከዚያ ዝቅ ሲል ደግሞ፣ በአባቶቻችን ዘመን፣ ሐምሌ 16 ቀን ይከበር የነበረው የጃንሆይ ነው። የተራው ሰው ልጅ የተወለደበት ቀን በእናቱ አፍ ከአንድ ታቦት ወይም ከአንድ ታላቅ ወሬ ጋር ታስሮ ይኖራል። እናቴም እኔን የወለደችኝ «መሬት ላራሹ በታወጀ በዓመቱ፣ በጥቅምት አቦ ሰሞን» እንደሆነ ስትነግረኝ ኖራለች። አዋጁ የወጣው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ስለሆነ እኔ የ1968 ልጅ ነኝ ማለት ነው። ልደቴ ከመሬት አዋጅ ጋር መቆራኘቱን ድሮ እንደ ቀልድ አወራው ነበር። ዘንድሮ ግን ቀልዱ ቀልድ አልሆን አለኝ። ምክንያቱን ልንገራችሁ።

ዛሬ ዛሬ እኛ የተማርን የምንባል የአዲስ አበባ ሰዎች ሠላሳ፣ አርባ፣ ሃምሳ ሲሞላን ተራራ መውጣት ጀምረናል። ወጣቶቹማ ልደትም አይጠብቁ፤ ቅዳሜና እሑድ በሌሊት ተነሥተው ወደ እንጦጦ፣ ወደ መናገሻ ሱባ፣ ወደ ወንጪ ይጓዛሉ። ደግ ልማድ ነው። በአዳራሽ ተሰብስቦ ክትፎ ከመብላት ይሻላል ባይ ነኝ። እኔም ከዚሁ ወገን ስለሆንኩ የምጽፈው ሌላውን ለመውቀስ አይደለም።

ሠላሳ ዓመት የሞላኝ በጥቅምት 1998 ዓ.ም. ነበር። የምርጫ 97 ውዝግብ ከተማውን ወጥሮ ይዞታል። በየሻይ ቤቱ የሚወራው ሁሉ ስለ ድምፅ ቆጠራና ፓርላማ ስለመግባት አለመግባት ነበር። እኔና ሁለት ጓደኞቼ «ጥቂት ቀን ወሬ ሳንሰማ እንደር» ተባብለን ወደ ጎንደር ተነሣን። ደባርቅ ላይ አንድ አስጎብኚ፣ አንድ ጠብመንጃ ያነገተ ስካውት፣ አንዲት በቅሎ ከነባለቤቷ ይዘን፣ ሳንቃበር አድረን፣ በማግሥቱ የጅንባርን ወንዝ ተሻግረን ጊች ደረስን።

ጊች ከባሕር ወለል በላይ 3,600 ሜትር ገደማ ላይ ያለች የገብስ አገር ነበረች። ነዋሪዎቿ በብዛት ሙስሊሞች ናቸው። ጎህ ሲቀድ ድንኳናችን ውስጥ በብርድ ተቆራምተን እንዳለን አዛን ሰማን። በዚያ ከፍታ፣ ያውም ገደል አፋፍ ላይ፣ የሰው ድምፅ እንደዚያ ጥርት ብሎ ሲሰማ ልብን አንድ ነገር ያደርገዋል። ከዚያ ስንወርድ አንዲት እናት ከጎጆዋ ደጃፍ ቆማ «ግቡ እንጂ፣ ብርድ ነው» አለችን። የገብስ ዳቦ ቆርሳ በቡና አቀረበችልን፤ ስንወጣም ገንዘብ ስንሰጣት አልቀበልም ብላ ብዙ ተሟገተችን። እኔ ታዲያ ምን አደረግሁ? ፎቶግራፍ አነሣሁ። ጎጆዋን፣ ክምሩን፣ ከኋላ ያለውን ገደል። ሰዎቹን ከመልክዓ ምድሩ ጌጦች እንደ አንዱ ነበር ያየኋቸው። መሬቱ የማን ነው፣ ፓርክ ከሆነ እነሱ እንዴት አሉ፣ እስከ መቼስ ይኖራሉ ብዬ አንድም ጥያቄ አልጠየቅሁም። ሠላሳ ዓመት የሞላው፣ ስለ ዴሞክራሲ ሌሊቱን ሙሉ ሲከራከር የሚያድር ሰው!

አዲስ አበባ ተመለስን። በወሩ መጨረሻ በከተማው መንገዶች ላይ የሆነውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። የጊች ፎቶግራፎች አልበም ገቡ።

አርባኛ ዓመቴን ተራራ ሳልወጣ፣ እዚሁ አዲስ አበባ ኬክ ቆርሼ አከበርኩ። 2008 ዓ.ም. ነበር። የድርቅና የተቃውሞ ዓመት ስለነበረ የሁላችንም ጆሮ ወደዚያ ነው። በዚያው ዓመት ጊች ባዶ ሆነች። ከ400 በላይ አባወራዎች እርሻቸውንና ግጦሻቸውን ለቀው፣ ካሳ ተከፍሏቸው፣ ወደ ደባርቅ ከተማ ተዛወሩ። ዜናውን በወቅቱ ሰምቼው ከሆነ እንኳ አላስታውሰውም።

እንግዲህ ሃምሳ ሲሞላኝ ወደዚያው ልመለስ ብዬ ተነሣሁ። ከጎንደር ደባርቅ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሃያ ዓመት ቀደም ሲል «መንገዱ እንዴት ነው?» ብሎ መጠየቅ ስለ ኮረኮንቹና ስለ አቧራው ማወቅ ነበር። አሁን መንገዱ አስፋልት ሆኗል፤ ጥያቄው ግን አልቀረም፤ ትርጉሙ ሌላ ሆኖ ቀርቷል። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልሉ ውጊያ ከተቀሰቀሰ ወዲህ መንገደኛ የሚጠይቀው ስለ ሰው ነው። እኔም ሦስት ሰው ጠይቄ፣ ሦስቱም ሦስት ዓይነት መልስ ሰጥተውኝ፣ በጠዋት ወጣሁ።

መጀመሪያ የቆምኩት ዳባት ነው። ጥቅምት ላይ የወገራ ሜዳ ገብሱና ስንዴው ወደ ቢጫነት እያዘነበለ፣ ላየው ሁሉ የጥጋብ አገር ይመስላል። ዳባትን ብዙ ሰው የሚያልፋት ሻይ ጠጥቶ ነው። እኔ ግን ሁለት ነገር አሰብኩባት። የመጀመሪያው ከከተማዋ ብዙ የማይርቀው ጭና ተክለ ሃይማኖት ነው። በሰሜኑ ጦርነት ወቅት፣ በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ፣ በዚያ መንደር ሰላማዊ ገበሬዎች ተገደሉ። የአካባቢው ባለሥልጣናት ከመቶ በላይ ናቸው አሉ፤ የትግራይ ኃይሎች አስተባበሉ፤ የሰብአዊ መብት ድርጅቶች ደግሞ ቦታው ድረስ ሄደውም ምስክር አነጋግረውም ግድያው መፈጸሙን መዘገቡ። በዚያ መንገድ ለልደቱ ሽርሽር የሚሄድ ሰው ይህን ሳያስብ ማለፍ ይችላል ብዬ አላምንም። ቢያንስ ለእኔ ከበደኝ።

ሁለተኛው ነገር እንግዳ ሊመስላችሁ ይችላል። በዳባት የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የምርምር ማዕከል አለ። እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ በተመረጡ ቀበሌዎች ማን ተወለደ፣ ማን ሞተ፣ ማን ለቆ ሄደ፣ ማን ገባ እያለ ቤት ለቤት ይመዘግባል። የአንድ ድሃ ገበሬ ቤተሰብ ሕይወት ሳይቋረጥ ለዓመታት ሲቆጠርና ሲጻፍ በአገራችን ብዙ አልተለመደም። ይህን ያዙልኝ፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ደባርቅ ስደርስ ብርዱ ያው ነው። ከተማዋ ግን ሌላ ሆናለች። ሰፍታለች፣ ዩኒቨርሲቲ አላት፣ ፎቆች ቆመዋል። ከሆቴሎቹ ደጃፍ ግን ያ የማውቀው የአስጎብኚዎች ግርግር የለም። በሃያ ዓመት ውስጥ ይህች ከተማ ያላየችው የለም፤ መጀመሪያ የኮሮና ወረርሽኝ በ2012 ዓ.ም. እንግዳውን አስቀረ፤ በሚቀጥለው ዓመት ጦርነቱ መጣና ግንባሩ እሷኑ ተጠጋ፤ እሱ በረደ ሲባል ደግሞ የ2015ቱ ተከተለ። ለነገሩ ጦርነት ለአካባቢው አዲስ አይደለም። የጣሊያን ጦር እስከ መስከረም 1934 ዓ.ም. መሽጎበት የነበረው ወልቀፊት ከዚያው ቅርብ ነው። ግን ያን ጊዜ ደባርቅ በቱሪስት አትኖርም ነበር።

በቅሎ የሚጭንልኝ ሰው በተራ ተሰጠኝ። ሠላሳ ዓመት የሚሆነው፣ ዝምተኛ፣ ጋቢውን አጥብቆ ያደገደገ ወጣት ነው። ዕቃ እየጫነ «ጋሼ፣ እስከ የት ነው የሚሄዱት?» አለኝ።

«ጊች ድረስ» አልኩት።

መጫኛውን ጠበቅ አደረገና «እንግዲያማ ቤቴ ነዋ» አለ።

ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። እሱ ግን አልሳቀም።

ሳንቃበር እስክንደርስ ድረስ ብዙም አላወራንም። በማግሥቱ ወደ ጊች ስንወጣ ነው አፉን የፈታው። የተወለደው እዚያ ነው። ሲነሡ ሃያ ዓመት ገደማ ሆኖት ነበር። እኔ በ1998 ስሄድ የአሥር ዓመት እረኛ ነበረ ማለት ነው፤ ምናልባት በዚያ ቀን ከኋላችን ሲሮጡ ከነበሩት ልጆች አንዱ እሱ ይሆናል። ጠየቅሁት፤ «ለፈረንጅም ለአበሻም ሮጠናል፤ የትኛውን አስታውሳለሁ?» አለኝ።

ከቦታው ስንደርስ በቅሎዋን ያዝልኝ ብሎ ለስካውቱ ሰጠና አስከትሎኝ ሄደ። ጎጆ የለም። ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተደርቦ የካብ መልክ የያዘ ይታያል፤ መካከሉን ሳማ በቅሎበታል። «ይኼ የአጎቴ ነው። ይኼ የእኛ። ወዲያ የቡሽራ ጊዜ ከብት የሚታሰርበት። እዚያ መስጊዱ።» አውድማው ሣር ለብሶ የጭላዳ መንጋ ሰፍሮበት፣ ቁጭ ብሎ ሣሩን በጣቱ እየነጨ ይበላል። አያቱ የተቀበሩበትን ቦታ በእጁ አመለከተኝ እንጂ አልወሰደኝም። እኔም ልሂድ አላልኩም። ዳቦ የቆረሰችልንን ሴት ጎጆ ልፈልግ ሞከርኩ፤ አላገኘሁትም። ፎቶግራፉን ይዤ ነበር የሄድኩት፤ የገደሉ ጫፍ ያው ነው፤ ከፊቱ ያለው ሁሉ የለም። በዚያ ሌሊት ጊች ካምፕ አደርን። ጎህ ሲቀድ ነቅቼ አዳመጥኩ። ነፋስ ነው።

ስለ ካሳው ስጠይቀው ምሬት አላሰማኝም። «የተሰጠን ገንዘብ ቤት ሆነ። ቤቱስ ደግ ነው፤ ቆርቆሮ ነው፤ ትምህርት ቤት ቅርብ ነው፤ ሐኪም ቤት ቅርብ ነው፤ እናቴ ለወገቧ መርፌ ታገኛለች። ግን ገብስ አይዘራበት፣ በግ አይሰማራበት። አባቴ ጠዋት ተነሥቶ በር ላይ ይቆማል። ምን እንደሚሠራ አያውቅም።» እሱስ? እሱ በቅሎ ገዝቶ ወደ ጭነት ሥራ ገባ። ከጦርነቱ በፊት በበጋው ወራት አንዱ እንግዳ ሳይመለስ ሌላው ይመጣ ነበር። አሁን ተራው የሚደርሰው ከስንት ጊዜ አንድ ቀን ነው። «በቅሎዋ ግን በየቀኑ ትበላለች» አለኝ።

እዚህ ላይ የሚከራከሩኝ እንዳሉ አውቃለሁ፤ ክርክራቸውም ባዶ አይደለም። ሣሩ ተመልሶ በቅሏል። በዓይኔ ያየሁትን አልክድም። በ1998 ዓ.ም. የጊች ዳገት ድንጋዩ ገጥጦ፣ አፈሩ በየዝናቡ ወደ ተከዜ ሲሄድ የነበረ ነው። ዛሬ ጓሳው እስከ ጉልበት ደርሷል፤ ጅብራው በተርታ ቆሟል። ዋልያ በዓለም ላይ ከስሜን በቀር በዱር የሚኖርበት ሌላ ቦታ የለውም፤ የቀረውም በጥቂት መቶዎች የሚቆጠር ነው። ስሙን ለብሔራዊ የእግር ኳስ ቡድናችንና ለቢራ ሰጥተን፣ እንስሳውን ራሱን ብናጠፋ የታሪክ መሳቂያ መሆናችን አይቀርም። ስለዚህ ፓርኩ አያስፈልግም የሚል ክርክር የለኝም። የእኔ ጥያቄ ሒሳቡን ማን ከፈለ የሚለው ነው።

ታሪኩን አጠር አድርጌ ላስታውስ። የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በሕግ የተቋቋመው በጥቅምት 1962 ዓ.ም.፣ በንጉሡ ዘመን ነው። ከዚያ በፊት እ.ኤ.አ. በ1963 ጁልያን ሃክስሊ የመራው የዩኔስኮ ልዑክ መጥቶ ነበር። የመጀመሪያው የፓርኩ ኃላፊም የዌልስ ተወላጁ፣ ኋላ በጃፓን ስመ ጥር ጸሐፊ የሆነው ክላይቭ ኒኮል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1978 የዓለም ቅርስ መዝገብ ሲከፈት፣ ከመጀመሪያዎቹ 12 ስፍራዎች መካከል ሁለቱ የእኛ ነበሩ፤ ላሊበላና ስሜን። ከጋላፓጎስና ከየሎውስቶን ጋር በአንድ ቀን መመዝገብ የሚያኮራ ነው፤ እኔም እኮራለሁ። ግን በዚያው ሰሞን ደርግ ከሰሜኑ ገደል ግርጌ የነበሩትን ገበሬዎች በግድ አስለቀቀ። ያው መሬት ላራሹን ያወጀው ደርግ! እ.ኤ.አ. በ1996 ስሜን በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ገባ። ለመውጣት ከተጠየቁት ነገሮች አንዱ በፓርኩ ውስጥ ያለውን የሰውና የእርሻ ጫና መቀነስ ነበር። በ2008 ዓ.ም. ጊች ተነሣች። እ.ኤ.አ. በ2017 ስሜን ከአደጋ መዝገቡ ወጣ፤ አጨበጨብን።

ንጉሡም፣ ደርግም፣ ኢሕአዴግም በሌላው ነገር ሁሉ እርስ በርስ ሲወጋገዙ በዚህ ጉዳይ ላይ ግን አልተለያዩም። ገበሬው ለተራራው እንግዳ ነው፤ ተራራው ባዶ ሲሆን ነው ተፈጥሮ የሚባለው። ይህን ሐሳብ ከየት አመጣነው? ፈረንሳዊው የታሪክ ተመራማሪ ጊዮም ብላን እ.ኤ.አ. በ2020 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን አስተሳሰብ «አረንጓዴ ቅኝ ግዛት» ብሎ ሰይሞ፣ ነገሩን የሚጀምረው ከዚችው ከጊች ነው። ከመጽሐፉ ውስጥ እንቅልፍ የነሣኝ አንድ ንጽጽር አለ። በደቡብ ፈረንሳይ ሴቬን የሚባል ተራራማ አገር አለ፤ እሱም ብሔራዊ ፓርክ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ዩኔስኮ ይህን አካባቢ በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ የመዘገበበት ምክንያት ገበሬዎቹና እረኞቹ ናቸው፤ በግ በማሰማራትና በእርሻ ለዘመናት የቀረጹት መልክዓ ምድር ይጠበቅ ተብሎ። እዚያ እረኛው ቅርስ ነው፤ ስሜን ላይ ያው እረኛ አደጋ ነው። የሴቬኑ ገበሬ ከተራራው ለቆ ከተማ እንዳይገባ መንግሥቱ ድጎማ ይሰጠዋል። የጊቹ ገበሬ ከተራራው ለቆ ከተማ እንዲገባ ካሳ ተሰጠው።

ከብላን ጋር በሁሉ ነገር አልስማማም። የስሜን ዳገት እንደ ሴቬን አይደለም፤ የአፈሩም የሕዝቡም ነገር ይለያል። መጽሐፉን የሚያነብ የእኛ ሰው ደግሞ የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ እንዳይሆንበት ያስፈልጋል። ዩኔስኮ ጎጆ አያፈርስም። ውሳኔ የሰጠው፣ የፈረመው፣ ያስነሣው የራሳችን ሰው ነው። መንግሥቶቻችን የውጭውን ማኅተም ለራሳቸው ዓላማ ሲጠቀሙበት እንደኖሩ ብላን ራሱም አልሸሸገም። እኛስ? እኛ ጎብኚዎቹ ባዶውን ተራራ ወደድነው። ያለ ጎጆና ያለ ከብት እበት የተነሣ ፎቶግራፍ የበለጠ ያምራላ!

የጊች ሰው ሲነሣ የተነገረው ነገር ግልጽ ነበር። እርሻውን ትለቃለህ፣ በምትኩ ከተማ ትገባለህ፣ ቱሪስት ይመጣል፣ ከእሱ ትኖራለህ። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ማለት ይህ ነው። ገብስ ውርጭ ይመታዋል እንጂ አዲስ አበባ ላይ ሰዎች ስለተጣሉ አይቀርም። ቱሪስት ግን አንድ ኤምባሲ ማስጠንቀቂያ ሲያወጣ ይቀራል። የአንድን ሕዝብ መተዳደሪያ ከመሬት ላይ አንሥቶ በሰላማችን ላይ መጣል፣ ያውም በእኛ ሰላም፣ ድፍረት ነበር። ሰላሙን ያደፈረሰው ደግሞ የጊች ገበሬ አይደለም። ፖለቲካውን የምናቦካው እኛው የተማርነው ነን፤ በየመድረኩም በየጽሑፉም። እኔም ባለፉት ሃያ ዓመታት የጻፍኩትን ሁሉ ዛሬ ተመልሼ ባነበው የማፍርበት አይጠፋም።

አንድ ነገር ልጨምር። በሚያዝያ 2011 ዓ.ም. ፓርኩ በእሳት ሲያያዝ ከኬንያ ሄሊኮፕተር መጣ፤ ከእስራኤልም የእሳት አደጋ ባለሙያዎች መጡ። ዜናው ሁሉ ስለነሱ ነበር፤ ለረዱን ምስጋና ይገባቸዋል። ከነሱ በፊት ግን ቅጠል ቆርጦ፣ ውኃ ተሸክሞ ገደል ለገደል እሳት ሲያጠፋ የሰነበተው የአካባቢው ገበሬና የደባርቅ ወጣት ነው። ጠላትህ ነው ተብሎ ከተራራው የተጠበቀው ሰው ተራራው ሲነድ ቀድሞ ደረሰ። ለተራራው ጠባቂ ስንፈልግ ይህን ማስታወስ ነበረብን።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 ገበሬው ከመሬት ይዞታው ያለመነቀል መብት አለው ይላል። አንቀጽ 44 ደግሞ መንግሥት በሚያካሂደው ፕሮግራም የተፈናቀለ ወይም ኑሮው የተነካ ሰው ተመጣጣኝ የገንዘብ ወይም ሌላ አማራጭ ማካካሻ እንደሚገባው ይደነግጋል። ማካካሻ ማለት አንድ ቀን የሚቆጠር ብር ነው ወይስ የሚቀጥል ኑሮ? በእኔ እምነት ሁለተኛው ነው። ከተራራው የሚገኘው የመግቢያ ክፍያ ቢበዛም ቢያንስም ከእሱ የታወቀ ድርሻ በየዓመቱ ለተነሡት ቤተሰቦች በሕግ መከፈል አለበት፤ እንደ እርዳታ ሳይሆን እንደ ኪራይ። ከስካውቱ፣ ከአስጎብኚው፣ ከጭነት ሠራተኛው ቦታ ለልጆቻቸው ቅድሚያ በጽሑፍ መሰጠት አለበት። በዳባት ማዕከሉ የሚሠራውን ዓይነት ምዝገባ እዚያው አጠገብ ለጊች ቤተሰቦች ማድረግስ ምን ይከብዳል? ማን ሥራ አገኘ፣ ማን ተሰደደ፣ የማን ልጅ ትምህርት ጨረሰ፣ የማን ቤት ተሸጠ። ሣሩ ምን ያህል እንዳደገ በየዓመቱ ይለካል፤ ዋልያና ጭላዳ ይቆጠራሉ። ሰውስ?

ይህ የስሜን ጉዳይ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2023 የባሌ ተራሮችም በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። እንኳን ደስ አለን። በባሌም ውስጥ ከብት የሚያረቡ፣ የሚኖሩ ሰዎች አሉ። ነገ ሳነቲ ላይ ልደቱን የሚያከብር ሰው ከባዶ ጎጆ ፍራሽ ጋር እንዳይገናኝ ከፈለግን ጊዜው አሁን ነው። ጊች ባዶ ከሆነች በኋላ እንደደረስኩት እንደ እኔ ዘግይቶ መጸጸት ለማንም አይጠቅምም።

«ታዲያ አትሂዱ ነው የምትለን?» የሚለኝ አይጠፋም። የለም፤ ሂዱ። መንገዱ ደኅና በሆነ ጊዜ፣ የአካባቢውን ሰው ጠይቃችሁ፣ ሂዱ። የፈረንጁ እግር ሲቀር የደባርቅን ሰው ሊያኖረው የሚችለው የአገር ልጅ ነው። ለስሜን አንድ ሳምንት የሚያወጣው ገንዘብ የለኝም የሚል ሰው ለሠርግ አዳራሽ የሚያወጣውን ያስላ። ስትሄዱ ግን በኪሎ ሜትር ስለመራመዳችሁ ብቻ አታስቡ፤ በቅሎውን የሚጭንላችሁን ሰው የት ተወለድክ ብላችሁ ጠይቁት። ዋጋም አትከራከሩት።

በመጨረሻው ቀን እሜት ጎጎ ወጣን፤ 3,926 ሜትር ነው። ከዚያ አፋፍ ላይ ሆኖ ቁልቁል የሚያይ ሰው ትንፋሹ ያጥረዋል፤ ቁመቱን ብቻ ሳይሆን ዕድሜውንም ያስበዋል። ልደቴን እዚያ አከበርኩ፤ ከእናቴ ቤት በመጣ ዳቦ ቆሎና በፔርሙስ ቡና። ለአራት ተካፈልነው፤ አስጎብኚው፣ ስካውቱ፣ ባለበቅሎውና እኔ። ባለበቅሎው ዳቦ ቆሎውን እየቆረጠመ «ስንት ሞላዎት?» አለኝ። ሃምሳ አልኩት። «አባቴም እዚህ አካባቢ ነው» አለ፤ ከዚያ አሰበና «አይ፣ እሱ ያረጀ ይመስላል እንጂ እኩያ ናችሁ» አለኝ።

ደባርቅ ስንመለስ ሒሳቡን ከፈልኩና ተሰነባበትን። ቤታቸው እንድሄድ፣ እናቱ ቡና እንደምታፈላ ነግሮኝ ነበር፤ ሰዓት አልበቃኝም፤ ለጨለማ መንገድ ፈርቼ ነው። ለሚቀጥለው ብዬዋለሁ። ስልሳ የሚሞላኝ በ2028 ዓ.ም. ነው፤ እስከዚያ ግን የምጠብቅ አይመስለኝም። የተነሡት አባወራዎች ስም ዝርዝር በአንድ ቢሮ ውስጥ መኖሩ አይቀርም፤ ካሳ የተከፈለው በስም ነውና። ያን ዝርዝር ይዞ ቤት ለቤት የሚዞር፣ ኑሯቸውን ጠይቆ መልሱን በይፋ የሚያወጣ ኃላፊ ካለ፣ አብሬው ልዞር ፈቃደኛ ነኝ።